የመሥሪያ ቤቱን የሠራተኛ ቁጥር ማን ይወስናል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች የተጻፉ ቢሆኑም፣ አንድን ጉዳይ የሚያነሡ ሆነው ስላገኘናቸው አብረን አቅርበናቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሦስተኛው መልስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዬ 44 ሲሆን በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርሁ 11 ዓመት ሞልቶኛል። ስገባ በክፍላችን 19 ሠራተኞች ነበርን፤ ዛሬ 9 ቀርተናል፤ ሥራው ግን እንደነበረ ነው። «ለምን ሰው አይጨመርልንም?» ስንላቸው አለቃችን «ጣሪያው አይፈቅድም» ይሉናል። ባለቤቴ በበኩሉ «እንዲህ የሚል ሕግ የለም፣ ሰበብ ነው» ይለኛል። ለመሆኑ አንድ መሥሪያ ቤት ከዚህ ቁጥር በላይ ሠራተኛ አይኑርህ የሚባልበት ሕግ አለ? ከዚህ በታች አትውረድ የሚል ሕግስ አለ? የቅነሳ ደብዳቤ ቢደርሰኝስ በምን መሠረት እንደተመረጥሁ የማወቅ መብት አለኝ?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ አለቃዎም ባለቤትዎም እውነት አላቸው። የእርስዎን መሥሪያ ቤት በስሙ ጠርቶ የሠራተኞቹን ቁጥር የሚወስን ሕግ ቢፈለግ ምናልባት ላይገኝ ይችላል። ጣሪያው ግን አለ፤ የተሠራው በገንዘብ ስለሆነ ነው ባለቤትዎ ያላዩት። የአሜሪካ ሕጎች ስብስብ ርዕስ 5፣ ቁጥር 3101 እንደሚደነግገው፣ የአስፈጻሚው አካል መሥሪያ ቤቶች መቅጠር የሚችሉት ኮንግረስ ከዓመት ዓመት ገንዘብ የመደበላቸውን ያህል ሠራተኛ ነው። አጭር ድንጋጌ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከእርሱ ይመነጫል።

ከተመደበው ገንዘብ በላይ ወጪ የገባ ወይም ውል የተዋዋለ ኃላፊ ደግሞ ከበጀት በላይ ማውጣትን የሚከለክለውን ሕግ ይጥሳል፤ ይህም ከዲሲፕሊን ቅጣት አልፎ፣ አውቆ ላደረገው ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 5,000 ዶላር መቀጫ ያስከትላል። ይኸው ሕግ ከጥቂት አስቸኳይ ሁኔታዎች በቀር መንግሥት የነፃ አገልግሎት እንዳይቀበል ስለሚከለክል፣ በጀት ባለቀ ጊዜ «ግድ የለም፣ ደመወዙ ይቅርብኝና ልሥራ» ማለት እንኳ አይቻልም። ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ቀርቶ መሥሪያ ቤቶች በተዘጉ ቁጥር፣ ከቤት እንዲቀመጡ የታዘዙ ሠራተኞች ኢሜይላቸውን እንዳይከፍቱ የሚነገራቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አለቃዎ «ጣሪያ» ሲሉ በእጃቸው ያለው ወረቀት ሌላ ስሌት ሳይኖረው አይቀርም። በበጀት ሠንጠረዥ ላይ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን «ኤፍ.ቲ.ኢ.» የሚባለው መለኪያ ነው፤ ይኸውም ሠራተኞች በበጀት ዓመቱ የሠሩት ሰዓት ሁሉ ተደምሮ ለአንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ የዓመት ሰዓት፣ ማለትም በአብዛኛው ለ2,080 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ስለዚህ በክፍላችሁ ካሉት ዘጠኝ ሰዎች ሁለቱ ግማሽ ቀን ብቻ የሚሠሩ ቢሆኑ፣ ወረቀቱ ላይ ስምንት ናችሁ። የአሜሪካ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ኤፕሪል ላይ የወጣ ሰው ደግሞ የሠራበት ግማሽ ዓመት ከቁጥሩ ውስጥ ይቆያል። እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ በነበርሁባቸው ዓመታት ከክፍል ኃላፊዎች ጋር ከተከራከርሁባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከዚህ የመነጩ ነበሩ፤ እነርሱ ባዶ ወንበር ይቆጥራሉ፣ እኛ ሰዓት እንቆጥራለን። የአስተዳደርና በጀት ቢሮ ለየመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ይህ የኤፍ.ቲ.ኢ. ቁጥር የአስተዳደር መመሪያ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ባለቤትዎ «ሕግ የለም» ያሉት እዚህ ላይ ከሆነ ልክ ናቸው።

ይሁን እንጂ ኮንግረስ ራሱ ራስ ቆጥሮ በሕግ የወሰነባቸው ጊዜያት ነበሩ። የቬትናም ጦርነት ወጪ በከበደበት በ1968፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የግብር ጭማሪ ሲጠይቁ ኮንግረስ በምላሹ አንድ አንቀጽ ጨመረባቸው፤ የአስፈጻሚው አካል ሠራተኞች ቁጥር ወደ ጁን 30 ቀን 1966 ልክ እስኪመለስ ድረስ፣ ከሚለቀቁ አራት መደቦች መሙላት የሚቻለው ሦስቱን ብቻ ሆነ። እኩል ቅነሳ እኩል ፍትሕ መስሎ ነበር። ነገር ግን የየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ብዛት ለእኩል ክፍልፋይ ስለማይገዛ፣ ኮንግረስ ከወሰኑ ነፃ የሚያደርጋቸውን መሥሪያ ቤቶች አንድ በአንድ ሲጨምር ቆይቶ፣ በ1969 አንቀጹን ራሱ ሻረው።

ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛው ሙከራ መጣ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 የፈረሙት የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ሕግ፣ በ1979፣ በ1980 እና በ1981 ሴፕቴምበር 30 ቀን የሚኖረው የሲቪል ሠራተኛ ቁጥር በሴፕቴምበር 30 ቀን 1977 ከነበረው እንዳይበልጥ የሚል ድንጋጌ ነበረው። የበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ቀኑ ለሒሳብ ይመቻል፤ ለማምለጥም ይመቻል። በዚያ ዘመን ጣሪያ የሚለካው በአንድ ቀን ቆጠራ ስለነበር፣ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ከዓመቱ 26 የደመወዝ ጊዜያት በ25ቱ ሠራተኛውን ሙሉ ጊዜ ያሠሩና፣ ቆጠራው በሚያርፍበት በመጨረሻው የደመወዝ ጊዜ ብቻ፣ ከሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ጋር እንዳይቆጠር፣ የከፊል ጊዜ ሠራተኛ ያደርጉት ነበር። ቆጠራው ሲያልፍ ይመልሱታል። ሠራተኞቹም «ሃያ አምስት ከአንድ» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ቆጠራው ከአንድ ቀን ራስ ወደ ዓመት ሙሉ ሰዓት፣ ማለትም ከላይ ወዳየነው ኤፍ.ቲ.ኢ. የተለወጠው ይህን የመሰለውን ጨዋታ ለማስቀረት ጭምር ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ትልቁ ነበር። ማርች 30 ቀን 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ የመላውን አስፈጻሚ አካል ጣሪያ በኤፍ.ቲ.ኢ. ቁጥር አስቀመጠ፤ በ1994 ከነበረው 2,084,600 በየዓመቱ እየወረደ በ1999 ወደ 1,882,300 እንዲደርስ አዘዘ። በፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ እስከ 25,000 ዶላር እንዲከፈልም ፈቀደ። ቁጥሩ በእርግጥ ወረደ፤ ከቅነሳው ትልቁ ድርሻ የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት ሰፊ ቦታ ያስለቀቀበት የመከላከያ መሥሪያ ቤት ነበር። ከሁሉ አስቀድመው እንዲቀነሱ የታሰቡት የበላይ ተቆጣጣሪዎች፣ የበጀት፣ የግዥና የፐርሶኔል ባለሙያዎች ነበሩ። እኔ ከዚያው ሙያ ስለሆንሁ ወገንተኛ ብባል አልቀየምም፤ ቢሆንም ውል የሚያዘጋጀውንና የሚቆጣጠረውን ሰው ቀንሶ ሥራን በውል ለውጭ ድርጅት መስጠት ዕዳው የሚመጣው ቆይቶ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ኮንግረስ በሌላ በኩል እንዲህ ያለውን ጣሪያ የሚከለክል ሕግ ማውጣቱ ነው። በርዕስ 10፣ ቁጥር 129 መሠረት የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የሲቪል ሠራተኞች አስተዳደር የሚመራው በሥራው ብዛትና በተመደበው ገንዘብ ነው፤ በሕግ በግልጽ ካልተደነገገ በቀር በኤፍ.ቲ.ኢ. ወይም በከፍተኛ የሠራተኛ ቁጥር ሊገደብ አይገባም። እርስዎ የሚሠሩት በመከላከያ ሥር ባለ መሥሪያ ቤት ከሆነ «ጣሪያው አይፈቅድም» የሚለውን መልስ እንደገና እንዲያስረዱዎት መጠየቅ ይችላሉ፤ የሚሠሩት በሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ይህ ድንጋጌ አይረዳዎትም። ስለ ዋይት ሀውስ ቢጠይቁኝ ደግሞ በርዕስ 3፣ ቁጥር 105 የተገደበው የከፍተኛ ደመወዝተኞች ቁጥር ብቻ ነው፤ በአንደኛው እርከን 25፣ በሁለተኛው 25፣ በሦስተኛው 50። ከዚያ በታች ያሉት ፕሬዚዳንቱ አስፈላጊ ናቸው ያሏቸውን ያህል ናቸው።

ከ2025 ወዲህ የምትሰሙት ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው የመጣው ከኮንግረስ ሳይሆን ከፕሬዚዳንቱ መሆኑ ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን የቅጥር ዕገዳ ታዘዘ፤ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ደግሞ ዕገዳው ሲነሣ አራት ሰው ሲለቅ ከአንድ በላይ እንዳይቀጠር የሚል ትእዛዝ ወጣ፤ ከዚህም የሕዝብ ደኅንነት፣ የኢሚግሬሽን ቁጥጥርና የሕግ ማስከበር ሥራዎች ነፃ ተደረጉ። የ1968ቱ ሦስት ለአራት፣ በ2025 አንድ ለአራት ሆነ። ከዚህ ቀደም ካርተርና ሬገን ያወጧቸውን የቅጥር ዕገዳዎች የኮንግረሱ ዋና የኦዲት መሥሪያ ቤት በ1982 መርምሮ፣ በጠቅላላው የሠራተኛ ቁጥር ላይ ያመጡት ለውጥ ጥቂት መሆኑን፣ ሥራን ግን ማወካቸውንና አንዳንዴም ወጪ መጨመራቸውን ጽፎ ነበር። ሰበቡ ቀላል ነው፤ ዕገዳ የሚመታው የሚለቀቀውን መደብ ነው፣ የሚለቀው ደግሞ ሁልጊዜ የማያስፈልገው ሰው አይደለም። የእርስዎ ክፍል ከ19 ወደ 9 የወረደው ማንም ተቀምጦ «ይህ ክፍል 9 ሰው ይበቃዋል» ብሎ አስልቶ ላይሆን ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ወለልም አለ፤ ግን ከጣሪያው ይልቅ የተቆራረጠ ነው። ኮንግረስ ለተወሰኑ ዓመታት በበጀት ሕጉ ላይ የድንበር ጠባቂዎች ቁጥር ከ21,370 እንዳያንስ ሲደነግግ ቆይቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን የምልመላውን ፈተና የሚያልፍ በበቂ ስላላገኘ ለዓመታት ከዚያ በታች ነበር። ሕግ ሰው ቅጠር ማለት ይችላል፣ ሰው መፍጠር ግን አይችልም። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በአንድ ቅርንጫፉ ያሉትን ሠራተኞች በአንድ ዓመት 15 በመቶና ከዚያ በላይ የሚቀንስ አደረጃጀት ከመተግበሩ በፊት ለኮንግረስ ዝርዝር ሪፖርት አቅርቦ የተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ በነዚያ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ ይህን ቢያውቁት ይጠቅማል። በቅርቡ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለ43 ቀናት የዘለቀው የመንግሥት መዘጋት ሲያበቃ፣ ኖቬምበር 12 ቀን የተፈረመው የበጀት ሕግ በመዘጋቱ ወቅት የተሰጡትን የቅነሳ ደብዳቤዎች የሻረ ሲሆን፣ እስከ ጃንዋሪ 30 ቀን 2026 ድረስም ለቅነሳ የሚወጣ ገንዘብ አይኑር ብሏል። እዚህም ላይ መቆጣጠሪያው ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል።

አከራካሪው ወለል በየትኛውም ሕግ በቁጥር ያልተጻፈው ነው። የትምህርት ዲፓርትመንት ማርች 11 ቀን 2025 ባስታወቀው ቅነሳ የሠራተኞቹ ቁጥር ከ4,133 ወደ 2,183 ገደማ ሲወርድ፣ ከሳሽ ክፍለ ግዛቶች ያነሡት ክርክር፣ ኮንግረስ በሕግ የሰጠውን ሥራ መሥራት እስኪያቅተው ድረስ አንድን መሥሪያ ቤት ማራቆት ሕጉን እንደ መሻር ይቆጠራል የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 14 ቀን፣ ምክንያቱን ሳይገልጽ፣ ክርክሩ እየቀጠለ ቅነሳው እንዲፈጸም ፈቀደ። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ የከሳሾቹ መነሻ ጠንካራ ነው፤ ዳኛ ግን «ስንት ሰው ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጪ መሆን እንደማይወድ ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ስለ ደብዳቤው ያሉትን በቁጥር ላሳይዎ። ሠራተኞች «ሪፍ» የሚሉት የቅነሳ ሥርዓት ሠራተኛን የሚያሰልፈው በአራት ነገሮች ነው፤ በቅጥሩ ዓይነት፣ በቀድሞ ወታደርነት፣ በአገልግሎት ዘመንና በሥራ አፈጻጸም። እርስዎ ከሦስት ዓመት በላይ ያገለገሉ ቋሚ ሠራተኛ ስለሆኑ በአንደኛው ምድብ ውስጥ ነዎት፤ ወታደር ካልነበሩ ግን በዚያው ምድብ ውስጥ የቀድሞ ወታደር የሆነ ባልደረባዎ፣ አገልግሎቱ አራት ዓመት ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ከእርስዎ በፊት ይሰለፋል፤ ማለትም በሥራው ላይ በመቆየት ይቀድምዎታል። ሰው የማያውቀው የአፈጻጸም ነጥቡን ነው፤ እስካሁን ሲሠራበት በቆየው ስሌት ከፍተኛውን ደረጃ በተከታታይ ያገኘ ሠራተኛ በአገልግሎቱ ላይ 20 ዓመት ይጨመርለታል፣ ቀጥሎ ላለው 16፣ ለመካከለኛው 12። ስለዚህ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙ ከሆነ፣ በ11 ዓመትዎ ላይ 20 ሲጨመር በሰልፉ ላይ 31 ዓመት እንዳለው ሰው ይቆጠራሉ። የመጨረሻዎቹን ሦስት የአፈጻጸም ውጤቶችዎን ከፋይልዎ ውስጥ አውጥተው ቅጂውን ቤት ያስቀምጡ፤ ከፋይል የጠፋ ውጤት በቅነሳ ሰሞን ማስመለስ አድካሚ ነው። ስሌቱ የወጣው በፐርሶኔል ማኔጅመንት ቢሮ ደንብ ስለሆነና ቢሮው ሊያሻሽለው ስለሚችል፣ የሚጸናው ደብዳቤው በሚጻፍበት ቀን ያለው ነው።

ደብዳቤው በአጠቃላይ ከመነሻው ቀን 60 ቀን አስቀድሞ ሊደርስዎ ይገባል። በሰልፉ ላይ ያለዎትን ቦታ፣ የተወዳደሩበትን ክልል (ከየትኞቹ ሠራተኞች ጋር እንደተነጻጸሩ) እና ይግባኝ የሚባልበትን ቦታና ጊዜ ሊገልጽልዎም ይገባል፤ እርስዎን የሚመለከተውን የሰልፍ መዝገብም የማየት መብት አለዎት። ጡረታ የማይደርስዎና የቀረበልዎትን ተመጣጣኝ መደብ እንቢ ያላሉ ከሆነ የስንብት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ለየዓመቱ የአንድ ሳምንት ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለየዓመቱ የሁለት ሳምንት። የእርስዎ 11 ዓመት 12 ሳምንት ይሆናል። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ በኋላ ላሉት ለየሦስት ወሩ 2.5 በመቶ ስለሚጨመር፣ በ44 ዓመትዎ 40 በመቶ ይታከልና ወደ 16.8 ሳምንት ይደርሳል። የዕድሜ ልክ ጣሪያው 52 ሳምንት ነው።

ጥያቄ

የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ ነው። በአንድ የፌዴራል ዲፓርትመንት ሕንጻ ውስጥ ለስድስት ዓመት የኮምፒውተር ጥገና ሠርቻለሁ፤ ደመወዜን የሚከፍለኝ ግን አንድ የግል ድርጅት ነው። ጠረጴዛዬ ከመንግሥት ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚለየን የባጃችን ቀለም ብቻ ነው። የቅጥር ዕገዳው ሲመጣ «እናንተን አይመለከታችሁም» ተባልን፤ በወሩ ደግሞ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል የሚል ወሬ ተሰማ። እኛ በሕግ ፊት ምንድን ነን?

መልስ

ወንድሜ፣ በጣሪያው ስሌት ውስጥ የሉም። ኤፍ.ቲ.ኢ. የሚቆጥረው መንግሥት ራሱ ደመወዝ የሚከፍለውን ሠራተኛ ነው። የእርስዎ ዋጋ የተመዘገበው በግዥ ሒሳብ ውስጥ፣ ከወረቀትና ከሶፍትዌር ፈቃድ ጎን ነው። የ1978ቱም የ1994ቱም ሕግ በጣሪያው ምክንያት ሥራ ወደ ኮንትራክተር እንዳይዞር የሚከለክል ሐረግ ነበራቸው፤ የ1994ቱ የዋጋ ንጽጽር ትርፍ መኖሩን ሲያሳይ ይፈቅዳል። በጣሪያው ምክንያት የዞረው የትኛው ሥራ፣ በሌላ ምክንያት የዞረው የትኛው እንደሆነ ግን ማን ይለየዋል? በ1998 የወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው ሠራተኞች ከሚያሠሯቸው ሥራዎች መካከል የግል ድርጅት ሊሠራቸው የሚችሉትን በየዓመቱ እንዲዘረዝሩ ያዛል፤ ውሳኔ መስጠትን፣ ገንዘብ መመደብንና የመንግሥትን ሥልጣን መጠቀምን የመሰሉት ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ የተተዉ ናቸው።

የባጁ ቀለም የሚለየው ለጌጥ አይደለም። የግዥ ደንቡ፣ በሕግ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር፣ መንግሥት የኮንትራክተርን ሠራተኛ እንደ ራሱ ሠራተኛ በቀጥታ እያዘዘ እንዳያሠራ ስለሚከለክል፣ የእረፍት ፈቃድዎን የሚፈርመው የዲፓርትመንቱ አለቃ ሳይሆን የድርጅትዎ ተቆጣጣሪ መሆን አለበት። በተግባር ይህ መስመር በየቀኑ እንደሚጣስ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ቢሆንም ስድስቱ ዓመት ወደ ፌዴራል አገልግሎት ዘመን አይቆጠርልዎትም።

መንግሥት ውሉን «ለመንግሥት ጥቅም» በሚለው አንቀጽ በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ ይችላል፤ የእርስዎ መብት የሚታየው ከድርጅቱ ጋር ባለዎት ግንኙነት ነው። ድርጅቱ 100 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ካሉትና በአንድ የሥራ ቦታ ቢያንስ 50 ሰው የሚነካ መዘጋት ወይም ሰፊ ቅነሳ ካደረገ፣ በ1988 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት በአጠቃላይ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ቡድናችሁ ስድስት ሰው ከሆነ ግን ይህ ሕግ ብቻውን አይደርስላችሁም። ውሉን ሌላ ድርጅት ቢወስደው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያሉትን ሰዎች ስለሚፈልግ፣ የአዲሱን ድርጅት ስም በሰሙ ዕለት ማመልከቻ ይላኩ። ከሥራ ቢሰናበቱ ደግሞ የሥራ አጥ ድጎማ ጥያቄዎን በዚያው ሳምንት ያስገቡ።

ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ውሌ በየስድስት ወሩ ይታደሳል። ቋሚ እንዲያደርጉኝ ስጠይቅ «መደብ የለም» ይሉኛል፤ እኔ ግን የምሠራው ሥራ በየቀኑ አለ። መደቡን የሚከለክለው ማን ነው?

መልስ

በኢትዮጵያም የእርስዎን መሥሪያ ቤት በቁጥር የሚወስን አንድ አዋጅ አይፈልጉ። መደብ የሚባለው ነገር የሚቆመው በሁለት እግር ነው። አንደኛው መዋቅር ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 2 የሚኒስቴሮችንና ተጠሪነታቸው ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የሆኑ አካላትን አደረጃጀት የመወሰን ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል፤ በመዋቅሩ ሥር የሚገኙት የሥራ መደቦችም ተመዝነው ደረጃ ይወጣላቸዋል። ሁለተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያጸድቀው በጀት ነው። በመዋቅር ላይ ያለ መደብ በጀት ካልተያዘለት «ክፍት መደብ» እየተባለ ለዓመታት ይኖራል።

የእርስዎን ነገር ግልጽ የሚያደርገው የሒሳብ መደብ ቁጥሩ ነው። የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈለው ከ6111፣ የኮንትራት ሠራተኞች ከ6113፣ የቀን ሠራተኞች ደግሞ ከ6114 ነው። ቋሚ መሆን ከ6113 ወደ 6111 መሻገር ስለሆነ፣ የክፍሉ ኃላፊ በፊርማቸው ብቻ ሊያሻግሩዎ አይችሉም። መንግሥት ለቋሚ ሠራተኛ የሚከፍለው የ11 በመቶ የጡረታ መዋጮም አብሮ በጀት ይፈልጋል። ሥራዎ የሚከፈለው ከፕሮጀክት ካፒታል በጀት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብባል፤ በፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 መሠረት ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ገንዘብ ማዛወር አይፈቀድም።

ይህ ሲባል መሥሪያ ቤቱ የፈለገውን ያህል ጊዜ በጊዜያዊነት ያቆይዎ ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 515/1999 የተቀመጠው መርህ፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚቀጠረው የዘላቂነት ባሕርይ ለሌለው ሥራ ወይም ሁኔታዎች ሲያስገድዱ በክፍት ቋሚ መደብ ላይ ነው የሚል ነበር። ያ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 የተተካ ሲሆን፣ ሕጉ ከዚያም ወዲህ እየተሻሻለ ስለሆነ በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይዘው ይቅረቡ። የሚሠሩት በክልል መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(ረ) መሠረት የሚመለከትዎ የክልሉ የራሱ ሕግ ይሆን ነበር።

ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሉ በጽሑፍ የሚያቀርቡት ጥያቄ «ቋሚ አድርጉኝ» የሚል ባይሆን ይመረጣል። የምሠራው ሥራ በጸደቀው መዋቅር ላይ መደብ አለው ወይስ የለውም? ካለው መለያ ቁጥሩና ደረጃው ስንት ነው? ለሚቀጥለው ዓመት በ6111 በጀት እንዲያዝለት ተጠይቋል ወይ? ብለው ይጻፉ። መደቡ ካለና ክፍት ከሆነ የሚሞላው በውድድር ስለሆነ ማስታወቂያው እንዳያመልጥዎ፤ መዋቅሩ ላይ ጨርሶ ከሌለ ግን ጥያቄው የእርስዎ ብቻ ሳይሆን መዋቅሩ እንዲጠና የሚጠይቀው የክፍሉ ኃላፊ ጥያቄ ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምርና የየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ጥያቄ ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ስለሚሰናዳ፣ ደብዳቤዎን ሰኔ ላይ ሳይሆን ገና በክረምቱ ማግሥት ያስገቡት።